እጄ በርበሬ ነክቷል

ማክሰኞ፣ ነሐሴ 7

ልጄ ቤዛ መጣች። ሕፃኗን ታቅፋ፣ በጠራራ ቀን፣ ከቴፒ በሚመጣው ሚኒባስ። ከመናኸሪያ እስከ ቤት ባጃጅ እንኳ አልያዘችም፤ በእግሯ ነው የመጣችው። ዝናቡ አባርቶ ስለነበር የሚዛን ሰው ሁሉ ደጅ ነበር።

በሩን ከፍቼ ሳያት መጀመሪያ ከአፌ የወጣው «ማን አየሽ?» የሚል ነው። እንኳን ደህና መጣሽ አላልኩም፤ አልሳምኳትም። ክንዷን ይዤ ወደ ውስጥ ጎተትኳትና የግቢውን በር ቀረቀርኩ። ይህን የምጽፈው ነገ ተነስቼ «ሌላ ነገር ነበር ያልኩት» ብዬ ራሴን እንዳላታልል ነው።

«ሁሉም አየኝ» አለች። «የፋርማሲዋ ልጅ፣ ሙዝ ሻጮቹ፣ ሁለቱ ዲያቆናት። ዲያቆናቱንማ ቆሜ ሰላም አልኳቸው።»

ከጥር ጀምሮ ለአገር ምድሩ የነገርኩት ታሪክ ሌላ ነው። ልጄ ጅማ ስትማር ጉበቷን ታማ፣ ቴፒ እህቴ ትዕግሥት ዘንድ ሆና ጠበል ትጠመቃለች። ሐኪም ሰው እንዳታበዛ ብሏታል። ስልክ ማውራትም ያደክማታል። ሃያ ስምንት ዓመት አስተማሪ ሆኜ ሲዋሽ የተገኘን ተማሪ ወላጅ ሳላስመጣ አልፌ አላውቅም።

የሕፃኗ አባት ጅማ አብሯት ይማር የነበረ ነው። ስልኩ ከየካቲት ጀምሮ አይነሳም። ስለ እሱ ከዚህ በላይ ቀለም አላባክንም።

ስትወልድ ሄጄ ያየኋት አንድ ቀን ነው። በማግሥቱ ተመለስኩ። ለእህቴ ስብሰባ አለብኝ አልኳት።

ቤዛ ተቀምጣ እያጠባች ነገሩን እንደ ማስታወቂያ አነበበችልኝ። «እሑድ ሰማንያ ቀኗ ነው። ክርስትና የምትነሳው እዚህ ነው፤ እኔ በተነሳሁበት።» ቴፒም ማሻም ቤተ ክርስቲያን አለ፣ ማንም አያውቀንም አልኳት።

«ልጄ ክርስትና የምትነሳው ማንም በማያውቃት አገር ነው?»

አፏን አስይዛለሁ ብዬ «እሺ፣ ክርስትና እናት ማን ይሆናል? ማን እሺ ይልሻል?» አልኩ።

«አስካለ።»

«የቷ አስካለ?»

«ቅመም ተራ ያለችው። አንቺ ልብሷን ያስወለቅሻት።»

ተነስቼ ሽሮ ላማስል ሄድኩ። ሽሮው አረረ።

ረቡዕ፣ ነሐሴ 8

ስለ አስካለ መጻፍ አለብኝ። አሥራ ስድስት ዓመት ሙሉ አንድም ቀን ጽፌው አላውቅም።

ያኔ የሰንበት ትምህርት ቤታችን የመዝሙር ክፍል ኃላፊ ነበርኩ። አባቴ ከጎጃም ለማስተማር መጥቶ እዚህ የቀረ ሰው ነው፤ በዚህ ደብር የእኛ ቤት ሰው ሳያገለግል የቀረበት ጊዜ የለም፤ እኔም ይህን ሳልናገረው የምውልበት ቀን አልነበረም። አስካለ ከሸኮ መጥታ አክስቷ ዘንድ ሆና የምትማር የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ ነበረች። ድምፅ ነበራት። እሷ ስትቀበል ሽማግሌዎቹ በመቋሚያቸው ላይ ቀና ይሉ ነበር።

አረገዘች። የመዘምራን ልብስ ሰፊ ነው፤ እስከ ስድስት ወሯ ደበቃት። እኔ ነኝ የደረስኩባት። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ መዘምራኑ በሁለት ረድፍ ቆመው ሳለ ጠራኋትና «ልብሱ የእመቤታችን ነው፣ አውልቂው» አልኳት። አወለቀች። ከሥር የለበሰችው ስስ ቀሚስ ነበር፤ ዝናብ ይዘንባል፤ ቀሚሱ ሆዷ ላይ ተለጠፈ። ልብሱን አጣጥፋ በሁለት እጇ ሰጠችኝ። «ከእንግዲህ ይህን ደጀ ሰላም እንዳትረግጪ» አልኳት። ሄደች። እኔ ቤቴ ገብቼ ምሳዬን ጥርግ አድርጌ በላሁ። እሱንም አስታውሳለሁ።

ከዓመታት በኋላ ወደ ሚዛን ተመልሳ ቅመም ተራ ቦታ ያዘች። እኔ ኮረሪማ የምገዛው ከወዲያኛው ጫፍ ነው።

አሁን ቤዛ የነገረችኝ። አስካለ እርድና ኮረሪማ ልትጭን ቴፒ ስትመላለስ ቤዛን ገበያ ውስጥ ከነሆዷ አየቻት። የማን ልጅ እንደሆነች አውቃለች። ከዚያ በኋላ በመጣች ቁጥር ትጠይቃት ነበር። ስትወልድ ገንፎውን ያገነፋችው እሷ ናት፤ ሦስት ቀን ተቀምጣ ልብስ አጥባለች። እኔ ስብሰባ ላይ ሆኜ።

«ሕፃኗን ግን አንድ ቀንም አንስታት አታውቅም» አለች ቤዛ። «ያዢያት ስላት፣ እጄ በርበሬ ነክቷል ትላለች። ሁልጊዜ።» ክርስትና እናት ሁኚልኝ ብላ ለምናታለች። የአስካለ መልስ አንዲት ናት፦ «እናትሽ መጥታ ትጠይቀኝ።»

የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች የሚባለው ለእኔ ነው።

ከሰዓት በኋላ ጎረቤቴ እትዬ ዘነበች የጠበል ጠርሙስ ይዛ መጣች። በሩን ገርበብ አድርጌ በአንድ ዓይኔ አነጋገርኳት። ሕፃኗ ከውስጥ አለቀሰች። «የማን ልጅ ነው?» አለች። «ሬዲዮ ነው» አልኩ። ሬዲዮው ደግሞ የዋለው ክፍት ነበር፤ ዜና ያነባል። ዜና አንባቢው አለቀሰ ማለት ነው።

እትዬ ዘነበች ከጥር ጀምሮ ለቤዛ ጉበት በየቀኑ አርባ አንድ ስግደት ትሰግዳለች። ስድሳ አምስት ዓመቷ ነው፤ ጉልበቷን ያማታል። ዛሬም ደረጃውን ስትወርድ ግድግዳ ይዛ ነው። በመስኮት አየኋት። እንደዚያ ያለ ኀፍረት ተሰምቶኝ አያውቅም፤ እንዲህም ሆኖ ወጥቼ አልጠራኋትም።

ሐሙስ፣ ነሐሴ 9

ቅዳሴ ሄድኩ። ፍልሰታ ነውና ግቢው ጢም ብሏል። ሁለቱ ዲያቆናት አዩኝና ዓይናቸውን መለሱ። ጸሎት እምቢ አለኝ። አቡነ ዘበሰማያትን ሦስት ጊዜ ጀምሬ ሦስት ጊዜ መሐል ላይ ጠፋኝ።

ሲያልቅ የንስሐ አባቴን አባ ተክሌን ዛፉ ሥር አገኘኋቸው። ከጥር ወዲህ ቤቴን ጠበል ሊረጩ በመጡ ቁጥር ምንም እንዳልሆነ ሰው ሸኝቻቸዋለሁ። ዛሬ ተንበርክኬ «አባ፣ ልጄ ወድቃለች» አልኳቸው። ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ጅማን፣ ቴፒን፣ ጉበቱን።

ጨረስኩ ስል «ልጅሽ የራሷን ራሷ ትናገራለች። ያንቺስ?» አሉኝ።

ስለ አስካለ አወጣሁ። ቃል በቃል፤ ልብሱን፣ ዝናቡን፣ ምሳዬን። «ልጅቷ የት ገባች እያልኩ ዓመቱን ሙሉ ጠይቄያለሁ» አሉ። «አገሯ ሄደች ነው ያላችሁኝ። እኔ ቄሱ ያላባረርኳትን አንቺ አባረርሻት።»

ከዚያ እንደ ተማሪ ጠየቁኝ። «አዳምና ሔዋን አፍረው ሲደበቁ እግዚአብሔር ምን አደረገ?»

«ከገነት አስወጣቸው።»

«ከዚያ በፊት።»

ጠፋኝ። ለልጆች ስንት ጊዜ ያስተማርኩት ነው።

«አለበሳቸው» አሉ። «በቅጠል መሸፈናቸውን አይቶ ልብስ ሠራላቸው። አንቺ ያደረግሽውን ከዚያ ጋር አስተያዪው።»

ስግደትና መዝሙረ ዳዊት ሰጡኝ። ዋናው ግን ሌላ ነው። «ሄደሽ ለራሷ ንገሪያት። ይቅርታውን እኔ ጋ አምጥተሽ አትተዪው፤ አድራሻው እኔ አይደለሁም።»

በሴቶች በር በኩል ግድግዳውን ተደግፌ ቆምኩ። ከጥር ወዲህ የመጀመሪያው ጸሎቴ ይህ ነው፦ ጌታ ሆይ፣ ልጄን ማን አየሽ አልኳት። አንተ ግን ያኔም አሁንም እኔን አይተሃል። አየኸኝና አልጣልከኝም። ምን እንደምልህ አላውቅም። አለቀስኩ። ሰው ያያል አላልኩም።

ዓርብ፣ ነሐሴ 10

ሁለት ሥራ ነበረኝ። አንዱን ሠራሁ።

ጠዋት እትዬ ዘነበችን ጠራኋት። ቤዛ ሕፃኗን ታቅፋ ወጣች። እትዬ ዘነበች ሕፃኗን አየች፣ ቤዛን አየች፣ እኔን አየች። «ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም!» ብላ ተቀመጠች። ጉበት የሚባል ነገር እንዳልነበረ ነገርኳት። ስግደቷን ሳነሳ እግሯ ሥር ወደቅኩ።

«እኔ እኮ ለጉበት ብዬ ጉልበቴን ጨረስኩ» አለች። ተቆጥታ ነበር። ውኃ ጠጣች። ቆይታ ግን «አምጫት እስቲ» ብላ ሕፃኗን ተቀበለችና ፊቷን አገላብጣ አየች። «በሉ እንግዲህ፣ ስግደቴ ለዚች ይሁን። እግዜር የማን እንደሆነ ያውቀዋል።» ስትወጣ ግን እኔን አልሳመችኝም። «ይቀለኛል፣ ጥቂት ቀን ስጪኝ» አለችኝ። እውነቷን ነው።

ቤዛ ማጀት ሆና እየሰማች ነበር። ስትወጣ «እማ፣ ሻይ ላፍላልሽ?» አለችኝ። ከመጣች እማ ስትለኝ የመጀመሪያዋ ነው።

ሁለተኛው ሥራ ገበያ ነበር። ሄድኩ። ቅመም ተራ ስደርስ አስካለን ከሩቅ አየኋት፤ ሸራዋ ሥር ተቀምጣ ቁንዶ በርበሬ ታበጥራለች። እግሬ ራሱን ዞረ። ከሌላ ሴት ዝንጅብል ገዝቼ ተመለስኩ። ቤት ውስጥ ያለው ዝንጅብል ለሁለት ወር ይበቃል።

ነገ ቅዳሜ ነው። ከነገ ሌላ ቀን የለኝም።

ቅዳሜ፣ ነሐሴ 11

ሄጄ ተመለስኩ።

ዝናብ ነበር። ሸራዋ ሥር ገብቼ ቆምኩ። «እትዬ ወርቅነሽ፣ ምን ልስጥዎት?» አለችኝ፣ እንደ ማንኛውም ገበያተኛ።

በመንገድ ላይ የደረደርኩት ዓረፍተ ነገር ሁሉ ጠፋ። «ይቅርታ ልጠይቅሽ ነው የመጣሁት» አልኩ። «ስለ ልብሱ።»

«ልብሱን ረስቼዋለሁ፤ ጨርቅ ነው» አለች። «ደጁን ነው ያልረሳሁት።»

ከዚያ ነገረችኝ። ድምፅዋን ሳታነሳ፣ ወንፊቷን ጭኗ ላይ አስቀምጣ። ሸኮ እናቷ ቤት ሴት ልጅ ወለደች። በሃምሳ ሦስተኛው ቀን ሕፃኗን ትኩሳት ያዛት። ማታውን ጡት እምቢ አለች።

«ሕፃን ሲያጣጥር ሰማንያ ቀን እንደማይጠበቅ፣ ቄስ ያኔውኑ እንደሚያጠምቅ አውቅ ነበር። ሰንበት ትምህርት ቤት እርስዎ ነዎት ያስተማሩን» አለች። «ታቅፌያት ቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ድረስ ሄድኩ። እዚያም ደጀ ሰላም አለው። እንዳትረግጪ ያሉኝ ጆሮዬ ላይ ነበር። የአንድ ቤተ ክርስቲያን ደጅ የሁሉም ደጅ መሰለኝ። ልጅ ነበርኩ። ቆምኩ፣ ቆምኩ፤ ዞሬ ተመለስኩ። ቤት ሳልደርስ አረፈች።»

ያልተጠመቀ ሕፃን አይፈታም። የሚቀበረውም ቤተ ክርስቲያን አይደለም። ከእናቷ ቤት ጀርባ፣ እንሰቱ ሥር ቀበሯት። «ስም እንኳ አልነበራትም» አለች። «ክርስትና ስትነሳ አወጣላታለሁ ብዬ።»

በዚህ መሐል ኮረሪማ የምትገዛ ሴት መጣች። አስካለ በቤንችኛ አነጋግራት፣ መርጣ ሰጥታ ሸኘቻት። እኔ የሸራውን እንጨት ይዤ ነው የቆምኩት።

ምን ይባላል? ይቅርታ የሚለው ቃል አፌ ላይ ነበር፤ አነሰብኝ። «እኔ ነኝ የገደልኳት» አልኩ።

«ትኩሳት ነው የገደላት» አለች። «እርስዎ ደጁን ነው የዘጉባት።»

ቤዛን ለምን እናትሽ ትምጣ እንዳለቻት ጠየቅኳት። ብዙ አላሰበችም። «ላይዎት ፈልጌ ነው። የሰው ልጅ ያባረሩ ሰው፣ በራሳቸው ልጅ ሲመጣ ምን እንደሚመስሉ።» «አሁን አየሁዎት» አለች። ደስ ብሏት አይደለም። የደከማት መሰለኝ።

«ነገ ትመጫለሽ?»

«ከዚያ ወዲህ ሕፃን ታቅፌ አላውቅም፣ እትዬ።» ወንፊቷን አነሳች። እሺም እምቢም አላለችኝም።

የበርበሬው ነገር ያኔ ገባኝ።

ለቤዛ ስነግራት ሕፃኗን ደረቷ ላይ አጥብቃ ይዛ አለቀሰች። አብረን አለቀስን፤ አንዳችን ሌላችንን አላባበልንም። እትዬ ዘነበች ወሬውን ሰምታ መጥታ «እሷ ካልመጣች እኔ አለሁ፤ ብቻ ቶሎ እንዲጨርሱ ንገሩልኝ፣ ቆሜ አልዘልቅም» አለች።

እሑድ፣ ነሐሴ 12፣ ከሰዓት በኋላ

ሌሊቱን የጀመረው ዝናብ እስከ ረፋዱ አላቆመም። ቤዛ፣ ሕፃኗ፣ እትዬ ዘነበችና እኔ ማልደን ደረስን። የጠበቅኩትን ዓይን ሁሉ አየሁ። አንዷ አፏን በነጠላዋ ሸፈነች። አንዷ መጥታ ሕፃኗን ሳመች። በሁለቱ መሐል ቆሜ፣ ማንን ልደብቅ ነው? አልኩ። ነጠላዬን አስተካክዬ ቀና ብዬ ቆምኩ።

አባ ተክሌ ጸሎቱን ጀመሩ። ደረሱና «ክርስትና እናቷ?» አሉ።

እትዬ ዘነበች አንዴ ሳለችና ወደፊት መራመድ ጀመረች።

ቤዛ ክንዴን ነካችኝ። «እማ፣ ደጁን እዪ።»

አስካለ ከግቢው ውጭ፣ ከደጀ ሰላሙ ወዲያ፣ ጃንጥላ ይዛ ቆማለች። ጎርፉ በጫማዋ ሥር ይሄዳል። አልገባችም። መቼ እንደመጣች አላውቅም። አሥራ ስድስት ዓመት ያልረገጠችው ደጅ ነው፤ እንዳትረግጪ ያልኳትም እኔ ነኝ። ሌላ ማንም ሄዶ ሊያስገባት እንደማይችል ገባኝ።

ሕዝቡን ሰንጥቄ ወጣሁ። ሰው ሁሉ ያያል። ደጁ ላይ፣ ጭቃው ውስጥ ተንበርክኬ እግሯን ያዝኩ። «አስካለ፣ ያኔ እኔ አልነበርኩም ባለ ደጁ። ማንም እንዲህ በይ አላለኝም። እባክሽ ግቢልን» አልኩ። ሰው እንዲሰማ ጮክ ብዬ ነው ያልኩት፤ ያኔም ጮክ ብዬ ነበርና።

ከላይ ሆና ብዙ አየችኝ። ይቅር ብዬዎታለሁ አላለችኝም።

«ሕፃኗን ይበርዳታል» አለች። «ይነሱ።»

ተነሳሁ። ጃንጥላዋን አጠፈችና ዘረጋችልኝ። «ይቺን ይያዙልኝ።» ተቀበልኳት። ደጁ ላይ ተንበርክካ መሬቱን ተሳለመች። ከዚያ እኔን አልፋ፣ ሴቶቹን አልፋ፣ ቀጥታ ቤዛ ጋ ሄዳ ሁለት እጇን ዘረጋች።

«እጄን ታጥቤያለሁ» አለቻት።

ቤዛ ሰጠቻት። አስካለ ሕፃኗን ስትይዝ መጀመሪያ ክንዷ ደርቆ ነበር፤ ልጅ ይዞ እንደማያውቅ ሰው። ቀስ እያለ ታጠፈ። ፊቷን ወደ ምዕራብ አዙረው ሰይጣንን ሲያስክዷት ድምፅዋን ሰማሁት። ያው ድምፅ ነው፤ ትንሽ ጎርንኗል። ወደ ምሥራቅ ተመልሳ ስታምንም ሰማሁ። እኔም በልቤ አብሬ አልኩት፣ ከእርጥብ ጃንጥላ ጋር ቆሜ። ሕፃኗ ውኃው ሲነካት ጮኸች፣ ሜሮን ተቀባች፣ ማዕተቧ ታሰረላት። አባ ወለተ ማርያም አሏት። አስካለ ያን ስም ጆሮዋ ላይ ደጋግማ አለችላት። ምን ያህል ጊዜ እንደሆነ አልቆጠርኩም፤ ዓይኔ አያይም ነበር።

ቅዳሴው ሲያልቅ ሕፃኗን መለሰች፣ ቤዛን ሳመች፣ ሄደች። ለእኔ አንገቷን ዝቅ አደረገች፤ ያ ብቻ።

ለአባ ስለ ሸኮዋ ሕፃን ነገርኳቸው። አስካለ ይንገሩ አላለችኝም፣ አይንገሩም አላለችኝም። አባ አለቀሱ። «ያቺን እሱ ያውቃታል፤ እኔ የምልሽ የለኝም» አሉ። ሌላ ቢሉኝ ባላመንኳቸው ነበር። እኔ ይቅር ብባልም እሷ እንሰቱ ሥር ናት። ስም የላትም። ይህን እስከምሞት ይዤው ነው የምሰግደው። ግን ከእግዚአብሔር ተደብቄ ሳይሆን ፊቱ ቆሜ ነው፤ ልዩነቱ ይህ ነው።

ቤዛና ሕፃኗ መኝታ ክፍል ተኝተዋል። የግቢው በር ክፍት ነው።

የአስካለ ጃንጥላ እኔ ዘንድ ቀርቷል። ረስታው ይሆናል፤ ትታልኝም ይሆናል። በረንዳው ላይ ዘርግቼዋለሁ፣ ገና ይንጠባጠባል። ነገ ሲደርቅ ቅመም ተራ ይዤላት እሄዳለሁ።